ያልሰጠሁት ግጥም

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናዝዤ አላውቅም። ሁዳዴ በገባ ቁጥር ፊታቸው ተንበርክኬ ሌላ ሌላውን ዘርዝሬያለሁ፤ ጾም መግደፌን፣ እናቴን ማመናጨቄን፣ በሰው ማፌዜን። ስግደት ያዙልኛል፤ ሰግጄ እገላገላለሁ። ይሄኛው ግን ስድስት ዓመት ሙሉ ከጉሮሮዬ አልወጣም። ዛሬ ለእናንተ እነግራለሁ። ብዙዎቻችሁ አታውቁኝም፤ የደፈርኩትም ምናልባት ለዚያ ይሆናል።

ሌባ ነኝ። የሰረቅሁት ከብት አይደለም፣ እህልም አይደለም። ግጥም ነው የሰረቅሁት። የሰረቅኋቸው ሴት ማንበብና መጻፍ አይችሉም፤ ስሰርቃቸውም አጠገቤ ቁጭ ብለው ነበር።

እትዬ አንጓች ይባላሉ። የጉና ሥር ተወላጅ ናቸው፤ ከገብስና ከድንች በቀር ሌላ እህል በቅጡ የማይበቅልበት ብርድ አገር። አባታቸው መሰንቆ መቺ ነበሩ። ወንድ ልጅ ስላልወለዱ መሰንቆውን ለሴት ልጃቸው አስያዙ። በኛ አገር ወንዱ ይመታል፣ ሴቷ ታንጎራጉራለች፤ እትዬ አንጓች ግን ሁለቱንም ብቻቸውን ያደርጉታል። ወደ ደብረ ታቦር ወርደው፣ ከገበያው በላይ አንዲት ቤት ተከራይተው፣ ከሰርግ ወደ ሰርግ፣ ከክርስትና ወደ ክርስትና ሲዞሩ ዕድሜያቸው ሄደ። እናቴን በዕድሜ ይበልጧታል። ሆኖም አዝማሪ ናቸውና ከተማው ሁሉ «አንቺ» ይላቸዋል፤ ድግስ ላይም ምግብ የሚቀርብላቸው ጓዳው በር ላይ ነው። እኔም «አንቺ» ነበር የምላቸው። አሁን አንቱ ብዬ ስጽፍ ጨዋ መስዬ እንዳልታያችሁ። ዘግይቶ የመጣ ጨዋነት ነው።

ያን ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። መናኸሪያው አጠገብ ባለ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ መታወቂያ ኮፒ አደርጋለሁ። አሥረኛ ክፍል ላይ ወድቄያለሁ። ቅኔ ቤትም አልገባሁም፤ የቆሎ ተማሪዎች ስለ አንድ ቅኔ ሲከራከሩ ባጠገባቸው ሳልፍ ቅናት ያንገበግበኛል። ግጥም የሚያስተምረኝ ስላላገኘሁ ብቻዬን ተማርኩ፤ ሦስት ደብተር ሞልቻለሁ። እንግሊዝኛም ሽፋኑ ከተገነጠለ መዝገበ ቃላትና ከስልኬ ለቀምኩ። ከተማዋ ትጠበኝ ነበር፤ እግሬ አያርፍም። እሑድ እሑድ ጋፋት ድረስ በእግሬ ሄጄ ኮረብታው ላይ ቆሜ ለሚግጡት በሬዎች አነብላቸዋለሁ። ከሰው ይልቅ እነሱ ይታገሡኝ ነበር።

በዚህ መሐል ሉካስ የሚባል ፈረንጅ መጣ። ከቤልጅየም ነው፤ ዘፋኞችን ቤታቸው ድረስ እየሄደ ድምፃቸውን የሚቀዳ፣ ሸክላ የሚያሳትም ሰው። እትዬ አንጓችን ስልክ ላይ በተለቀቀ አንድ የሰርግ ቪዲዮ አይቷቸው፣ ያን ሁሉ መንገድ እርሳቸውን ብሎ መጣ። ያረፈበት ሆቴል እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ሲጠይቅ የኔን ስም ሰጡት።

የቀዳነው ጠዋት ላይ ነው፣ በእትዬ አንጓች ግቢ። የመሰንቆው ቆዳ በብርዱ ላልቶ ስለነበር ፀሐይ እስክታጠብቀው ጠበቅን። የጎረቤት አህያ ማናፋት ጀመረች፤ ሉካስ ማይክሮፎኑን በብርድ ልብስ ሸፍኖ፣ እስክትጨርስ ድረስ እንደ ቅዳሴ አስቀዳሽ ቀጥ ብሎ ቆመ። እትዬ አንጓችም «ተዋት፣ እሷም ተራዋን ትዝፈን» አሉ። አህያዋ ስትጨርስ ዓይናቸውን ጨፍነው ጀመሩ፦

ሰርጉ ሲደምቅ ጊዜ ስሜን የጠራችሁ፣
ድግሱ ሲያበቃ የት ነው የማያችሁ።

ለሉካስ ተረጎምኩለት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። እኔም ሦስቱ ደብተሮቼ ትዝ አሉኝ። ያን ያህል ወረቀት ጨርሼ እንዲህ ያለ አንድ መስመር አልጻፍኩም። እርሳቸው ግን አንድ ፊደል ሳይለዩ፣ ተረከዛቸውን ፀሐይ እያሞቁ ያወጡት ነበር።

ልማዱን ታውቁታላችሁ። አዝማሪ ባለበት፣ ታዳሚው «ተቀበል» ይላል፣ ሁለት መስመር ይሰጣል፣ አዝማሪው ያንኑ በዜማ ይመልሳል። ስድብ ቢሆንም ይቀበላል። የሚሰደበው እሱ ራሱ ቢሆንም ይቀበላል። ግጥሙ አንዴ ከተዘፈነ ማን እንደ ሰጠው የሚያስታውስ የለም። እኔም ሉካስ ይህን ልማድ እንዲያይ ብዬ (ውሸቴን ነው፣ እኔን እንዲያይ ብዬ) «ተቀበይ» አልኳቸው፦

ከጋፋት ኮረብታ ላይ ቆሜ ብጣራ፣
ዓለሙ መልስ ሰጠኝ ስሜን እያወራ።

«ላይ» የምትለው ቃል ከቦታዋ ወጥታ ታነክሳለች። ሁለተኛው መስመር ጉራ ነው። እትዬ አንጓች ግን ተቀበሉኝ፤ አንካሳውን በዜማ ደግፈው፣ ጉራውን በእንጉርጉሮ አለስልሰው አሳመሩት። ሲጨርሱም፣ «እሰይ ሰጪዬ፤ ዓለም ሩቅ ናት፣ ድምፅህን ከፍ አድርግ» አሉኝ። ሳቅን።

ሉካስ አልሳቀም። ዓይኑ በራ። የሌሎቹን ግጥሞች ባለቤት ጠይቅልኝ አለኝ። ጠየቅኋቸው።

«ከፊሉ ያባቴ ነው» አሉ። «የቀረው የኔ ነው። መንገድ ስሄድ ነው የሚመጣልኝ። ቁጭ ካልኩ ይሸሸኛል፤ ተረከዜ እንዲህ የተሰነጣጠቀው ለዚያ ነው።»

መተርጎም የነበረብኝ ይህን ነው። ቃላቱን ሁሉ አውቃቸዋለሁ። አባትን አውቃለሁ፣ መንገድን አውቃለሁ፣ ተረከዝን እንኳ አውቃለሁ። አፌን ከፈትኩና፣ እኔ እሰጣታለሁ፣ እሷ ትቀበላለች አልኩት።

ሁሉንም? አለኝ።

ሁሉንም አልኩት።

እትዬ አንጓች የምለውን አልሰሙም፤ እንግሊዝኛ አያውቁም። አፌን ግን ያዩ ነበር። ያን ጊዜ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ልንገራችሁ፤ ኩራት ነበር። «ልጃችን እንዴት እንደሚያስኬደው ተመልከች» ብለው ልታይ ለመጣች ጎረቤታቸው በቅንድባቸው ጠቆሙ። እኔ ስሰርቃቸው እርሳቸው በኔ ይኮሩ ነበር።

ሉካስ ትንሽ የተጠራጠረ መሰለኝ። ገና ልጅ ነህ፤ ድግሱ ሲያልቅ ስለሚረሳ ሰው እንዲህ ብለህ ለመጻፍ ከየት አወቅህ አለኝ። ገጣሚ የሌላውን ሕመም ይታመማል አልኩት። ይህንንም አልኩ! ያን ሕመም ከሚያሳምሟቸው አንዱ ሆኜ፣ «አንቺ» እያልኩ፣ ጓዳው በር ላይ ሲበሉ እያየሁ በአጠገባቸው የማልፍ ሰው ሆኜ፣ ታመምኩት አልኩ።

ለምን? ርቦኝ ነበር? አልራበኝም። የሚያስገድደኝ ሰው ነበር? አልነበረም። የእርሳቸውን ቃል ወደ እንግሊዝኛ የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ተርጓሚ ተብሎ ስሜ በትንሽ ፊደል ቢጻፍ ለኔ በቂ ክብር ነበር። እኔ ግን ትልቁን ፊደል ፈለግሁ። የግጥም ችሎታ ስላነሰኝ አይደለም የሰረቅሁት፤ ትልቅ ግጥም ለይቼ ማወቅ ስለምችል ነው። ያልገባው ሰው ምን ብሎ ይሰርቃል? እኔ ገብቶኝ ሰረቅሁ።

በዓመቱ ሸክላው ወጣ። ሽፋኑ ላይ የእትዬ አንጓች ፎቶ፣ ከኋላቸው የግቢያቸው አጥር። ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ደግሞ «ግጥም» ከሚለው ቃል ፊት ለፊት የኔ ስም። ጋፋት ኮረብታ ላይ የተጣራሁበት ግጥም ግን ሸክላው ውስጥ የለም። ሉካስ አልመረጠውም። በእውነት የኔ የነበረው አንዱ ወድቆ፣ የኔ ያልሆኑት ሁሉ በስሜ ታተሙ።

አሁን ስለ እርሳቸው ልናገር፤ ስለ እርሳቸው ስናገር ኩራቴን መደበቅ አልችልም፣ አልፈልግምም። መጀመሪያ ብራስልስ ጠራቻቸው፣ ቀጥሎ ፓሪስ፣ ቀጥሎ ጃፓን። አንዲት መሰንቆ፣ አንዲት ነጠላ፣ ሌላ ምንም። ቪዲዮውን ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀምጬ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። አዳራሹ እስከ ጣሪያው ሰው ነው። ማንም ቋንቋውን አይሰማም፣ ማንም ሳል እንኳ አያሰማም። የመጨረሻዋ ድምፅ ከመሰንቆው ጭራ ላይ እስክትጠፋ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ሁሉም ይነሣል። እትዬ አንጓችም ደንግጠው፣ እነሱ ሲነሡ እርሳቸውም አክብረው ይነሣሉ። ጉና ሥር የተወለደች የአዝማሪ ልጅ፣ የዓለም ሰው ተነሥቶላት አብራ ስትነሣ! ስማቸውን በጃፓን ፊደል ጽፈው ግድግዳ ላይ ሰቅለውታል። ይህን ሳይ ደረቴ ይነፋል፣ እስካሁን ይነፋል።

ደብረ ታቦርስ? አንድ ቀን መታወቂያ ኮፒ ሊያደርጉ የመጡ አንድ ጋሼ ስልኬን ጎንበስ ብለው አዩና፣ «ይቺ አንጓች አይደለችም እንዴ?» አሉ። ናት አልኳቸው። «ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን ሆነው ነው የቆሙት? ወንበር አንሷቸው ነው?» ብለው ኮፒያቸውን ይዘው ሄዱ።

የኔ ነገር ግን ሌላ ሆነ። ስሜ በውጭ አገር ወረቀት ላይ መታተሙ ከተማው ውስጥ ወራ። ደብተሬን ሳይገልጡ የመለሱልኝ ሰዎች መንገድ አቋርጠው ይጨብጡኝ ጀመር። «ገጣሚው» ሆንኩ። አዝማሪ ባሕር ቢሻገር አዝማሪ ነው፤ የአዝማሪ ግጥም ሰጪ ግን ሊቅ ነው። የኛ አገር ሚዛን እንዲህ ነበር፤ እኔም በዚያ ሚዛን ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩ።

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ከተማዋ ክብር ልትሰጥ ፈለገች። አዳራሹ በር ላይ ትልቅ ባነር ተሰቀለ። «ግጥሙ ባሕር የተሻገረ ልጃችን» ይላል። ስሜ አለ፣ ፎቶዬ አለ። እትዬ አንጓች የተጠሩት ሊዘፍኑ ነው። ከጃፓን በመጡ በሦስተኛው ሳምንት መድረኩ ጥግ ላይ በርጩማ ተሰጣቸው። የኔ ወንበር ትራስ ነበረው።

ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ መድረክ መሪው አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ገጣሚያችን እዚሁ ፊታችን ይስጥ፣ አዝማሪዋ ትቀበል አለ። ሕዝቡ በደስታ ተንጫጫ። ተነሣሁ።

ምንም አልመጣም። አንድ መስመር ፈለግሁ፣ ግማሽ መስመር ፈለግሁ። የሚመጣልኝ ሁሉ የእርሳቸው ነበር፤ ሰርጉ፣ ድግሱ፣ መንገዱ፣ ሁሉም የእርሳቸው። ዓመታት ሙሉ በሰው ቃል ስጠራ ኖሬ የራሴ የት እንደገባ አላውቅም። የፊተኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። እናቴ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታየኛለች።

እትዬ አንጓች ቀና ብለው አዩኝ። አስተያየታቸው ብዙ አልቆየም፤ ግን ያን ጊዜ ገባኝ። ያውቃሉ። አንዲት ቃል ቢናገሩ፣ ወይም ዝም ብለው ቢጠብቁ ብቻ ያበቃልኝ ነበር። እርሳቸው ግን በርጩማቸውን ወደ እኔ ሳብ አደረጉ፣ ጆሯቸውን ወደ አፌ አዘነበሉ፣ በሹክሹክታ እንደ ሰጠኋቸው ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ መሰንቆውን አስነሡት፦

ከጉና የወጣ፣ ውርጭ ያልገደለው ቃል፣
ባሕር ማዶ ሄዶ ባዕድ ቤት ይሞቃል።

አዳራሹ ተናወጠ። ያጨበጨቡት ለኔ ነው። እኔም እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩ።

ያ ጎንበስ ማለት ከመጀመሪያው ይከፋል። መጀመሪያ የሰረቅሁት ከማያውቁ ሴት ነው፤ ሁለተኛ የሰረቅሁት ዓይኔን እያዩ ከሰጡኝ ሴት ነው። ሃያ አንድ ዓመቴን ካለፍኩም ቆይቼ ነበር። ልጅ ነበርኩ ማለት አልችልም።

ከዚያ በኋላ ሰባት ወር ሸሸኋቸው። ገበያ ላይ ሳያቸው መንገድ እቀይራለሁ። በነሐሴ፣ ዝናቡ ጋብ ባለ አንድ ጠዋት ግን ቤታቸው ሄድኩ። መሰንቆውን ጭናቸው ላይ አድርገው ጭራውን ሲያጠብቁ አገኘኋቸው። «እንዴት አደሩ፣ እትዬ አንጓች» አልኩ።

ከትከሻቸው በላይ ወደ ኋላ ዞረው አዩ። «አንቱ ያልከው ማንን ነው? ከኋላዬ ሽማግሌ አለ እንዴ?»

ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ሉካስ ጠይቅልኝ ያለኝን፣ እርሳቸው የመለሱትን፣ እኔ የተረጎምኩትን። አላቋረጡኝም፤ ጭራውን እያጠበቁ አዳመጡ። ብራስልስ ላይ አንዲት የኛ አገር ልጅ ወረቀቱን እንዳነበበችላቸው ነገሩኝ። ግጥሙ የሌላ ሰው ነው ይላል ብላ ስትጠይቃቸው፣ አዎን ብለው መልሰዋል።

ለምን አዎን አሉ አልኳቸው።

«ታዲያ ሰው አገር ቆሜ ያገሬን ልጅ ሌባ ልበል?»

አዳራሹስ ላይ?

«አባቴ፣ ሊሰጥ የተነሣን ሰው ቆሞ እንዳታስቀሪው ይለኝ ነበር። ይኼ ሥራዬ ነው። ስላንተ ብዬ አይደለም፣ ደረትህን አትንፋ።»

እንባዬ መጣ። በተሳሳተ ሰዓት የሚያኮራኝ ነገር አይጠፋምና፣ ይዤው የመጣሁት ግጥም ነበረኝ፤ ከሰባት ወር በኋላ የመጣልኝ የራሴ ግጥም። ይቀበሉኝ ብዬ ሰጠኋቸው፦

የእርስዎን ቃል ወስጄ የኔ ያልኩኝ ሌባ፣
ዛሬ ደጅዎ ቆምኩ፣ ልግባ ወይስ አልግባ።

አዳመጡ። ግጥሜ እንደማያነክስ ከፊታቸው ተረዳሁ። እጃቸውን አነሡ፤ ሊመቱ ነው ብዬ ስጠብቅ መዳፋቸውን ጭራው ላይ ጫኑት።

«ይሄንን አልቀበልም» አሉ።

ቀና ብዬ አየኋቸው።

«የሰካራም ተቀብያለሁ። በኔ ላይ የተሰደበውን ተቀብያለሁ። ያንተን ጋፋትም ተቀብያለሁ። ይሄ ግን በኔ አፍ አይባልም። ራስህ በለው፤ ያጨበጨቡልህ ሰዎች በሚሰሙበት።» ከዚያም ጭራውን ማጠበቃቸውን ቀጥለው፣ «ግጥሟ ግን ደህና ናት፣ ሰጪዬ» አሉኝ።

ስለዚህ እኔው አልኩት። ለሉካስ ጻፍኩለት፤ ቀጥሎ በሚታተመው ላይ አስተካክላለሁ ብሎ መልሷል። የተሸጠው ግን ተሽጧል፤ በማላውቀው አገር፣ በማላውቀው ሰው መደርደሪያ ላይ ስሜ እስከ ዛሬ ይዋሻል። ይህንንም ጽሑፍ በማመልከቻ መጻፊያዬ ጽፌ፣ በምሠራበት ማሽን አባዝቼ፣ ባነሩ ተሰቅሎበት በነበረው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ለናንተ የደረሰው ከዚያ ተገልብጦ፣ ይህን መጨረሻ ጨምሬበት ነው። እናቴ አንብቡልኝ ብላ እዚያው በሩ ላይ ቆማ አስነብባዋለች፤ እስካሁን ምንም አላለችኝም።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የተበደላችሁት እናንተ አይደላችሁም። የተበደሉት ሴት ደግሞ ይቅር አላልኩህም አላሉኝም፣ ይቅር ብዬሃለሁም አላሉኝም። እኔም አልጠየቅኋቸውም፤ ጠይቄ እንደገና እንዳይሰጡኝ ፈራሁ። ይህን ስጽፍ እንኳ ዓረፍተ ነገሩ አምሯል ወይ እያልኩ ወደ ኋላ ተመልሼ አንብቤያለሁ። ያው እኔው ነኝ።

ስለዚህ በግልጽ ልጻፈው። ሸክላው ላይ ያሉት ግጥሞች ከፊሎቹ የአባታቸው፣ የቀሩት የእትዬ አንጓች ናቸው። በመንገድ ሲሄዱ የመጡላቸው ናቸው። አዳራሹ ላይ የተሰማው የጉና ግጥምም የእርሳቸው ነው፤ እኔ ሹክ ያልኩት ነገር የለም። ያን ቀን ግቢያቸው ውስጥ ከተዘፈኑት የኔ አንዱ ብቻ ነው። እሱም ያነክሳል፤ እሱም ሸክላው ላይ የለም።